እህቴ ቤት የምትዘገየው ፀሐይ

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ይሄን የምጽፈው በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ አልሜም አይደለም። አንድ ቃል ጨምሬበት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ቦታው የአባታችን ቤት ሳሎን።

አዎ፣ በቀን... በጠራራ ፀሐይ።

እኩለ ሌሊት ነበር ብዬ ብጀምርላችሁ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ? በቀን ነው የሆነው።

እኔ ሰዓት ሰሪ ነኝ። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ ደረጃ ሥር፣ አንዱ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የሚያወራባት ሱቅ አለችኝ። በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ስለሚያይ ሥራዬ ባትሪ መቀየር ሆኗል። ባትሪ ቀያሪ ብትሉኝም አልቀየማችሁም።

ሙያው የአባታችን ነው። ልጆቹ ታላቅ እህቴና እኔ ብቻ ነን። ቤቱ ለእሷ ደረሰ፣ መሣሪያው ለእኔ።

አባታችን ሬዲዮ አያምንም ነበር። የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት የሚያስተካክለው በፀሐይ ነው። እንዴት መሰላችሁ... የሳሎኑ መስኮት የሳንቃ ነው። ከላይኛው ሳንቃ ላይ እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ በስቶበታል። መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ይጨልምና በዚያች ቀዳዳ የገባው ብርሃን ጣውላው ወለል ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል።

እኛ ቤት «ጠብታዋ» ነበር የምንላት።

ፀሐይ ስትሄድ ጠብታዋም ወለሉ ላይ ትሄዳለች። አባታችን ጣውላው ላይ በመሮ መስመር ጭሯል። ጠብታዋ መስመሩን ስትረግጥ እኩለ ቀን ነው፣ ሰዓቱ ስድስት መደወል አለበት። በቃ።

ሌላም ነገር ትናገራለች። ፀሐይ ከፍ በምትልበት ወቅት መስመሩን የምትረግጠው መስኮቱ ሥር ነው። ዝቅ በምትልበት ወቅት ደግሞ ራቅ ብላ፣ ጓዳው በር ጋ። ስለዚህ መስመሩን መቼ እንደረገጠች ካየህ ሰዓቱን ታውቃለህ፣ የት ጋ እንደረገጠች ካየህ ወሩን። ይሄን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

የእህቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ያለፈው ሙቀት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ወር፣ ሊወጣ ሲል ተጣሉ።

«ፍሬኑ ይጮሃል። ዛሬ አትሂድ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ። ስመለስ እንጨርሰዋለን» አላት።

ሰዓቱ ስድስት ሲደውል በሩን ደርግሞት ወጣ። እሷ ልብስ እየተኮሰች ነበርና በድንጋጤ ካውያው ከእጇ ወደቀ። ጣውላው ተቃጠለ። ሙቀቱን ፈርታ መስኮቱን ዘግታው ስለነበር ጠብታዋ ወለሉ ላይ ነበረች... ካውያው የወደቀው ልክ እሷ ላይ፣ መስመሩ ላይ ነው። የካውያ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ።

ሹፌሩን ያን ቀን ከሰዓት ከከተማው መውጫ ያለው ድልድይ ላይ ፍሬኑ ከዳው። ስመለስ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ከቤት አትወጣም። የሚያስፈልጋትን የሚገዛላት ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ እኛ ጋ እንድትኖር ስንት ጊዜ ለመንናት። አልጋ ሁሉ አንጥፈንላታል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከዕለታት አንድ ቀን ስልክ ደወለች።

«የአባባ ሰዓት ይቀድማል። ና።»

ሱቄን ዘግቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሸቀጥ ታጭቄ ሄድኩ። ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው።

«እትዬ፣ ሰዓቱ ደህና ነው።»

«ወለሉን እየው።»

ሰዓቱ ስድስት ደውሎ ከጨረሰ ቆይቷል። ጠብታዋ ግን መስመሩ ጋ አልደረሰችም።

ሳቅሁ። ፀሐይና ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄዱም። አንዳንዱ ወር ላይ ፀሐይ ቀደም ትላለች፣ አንዳንዱ ወር ላይ ዘግየት ትላለች፣ እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ። የተፈጥሮ ነገር ነው። አባታችን እያንዳንዱ ወር ላይ ስንት እንደሚጨምርና ስንት እንደሚቀንስ በቃሉ ያውቅ ነበር። ይሄንኑ ነገርኳት።

«እኔም የአባባ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ይሄ የዛ አይደለም» አለች።

«ነው።»

«አይደለም አልኩህ። በዚህ ወር ትቀድማለች እንጂ አትዘገይም።»

አሰብኩት... እውነቷን ነው። በዚህ ወር ትቀድማለች። ግን ለእህቴ ተሸነፍኩ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንኩ ሳንቃው ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ተጣሞ ይሆናል ብዬ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ደግማ ደወለች።

«አሁንም ብሶበታል።»

ደሜ ፈላ። ሄድኩ። ሰዓቱ ሰባት ሊል ነው፣ ጠብታዋ ግን መስመሩ ጋ የለችም። ሳንቃውን አወረድኩት፣ ገለበጥኩት፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ መልሼ ሰቀልኩት። ምንም ለውጥ የለም። ወጣሁና ግቢው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ተከልኩ። የእንጨቱ ጥላ ከስልኬ ጋር ይስማማል። ውጪ ያለችው ፀሐይ ሰባት ሰዓት ላይ ናት።

ቤት ውስጥ ያለችው ግን ገና ስድስት አልሆነላትም።

አንዲት ፀሐይ ናት ያለችው አይደል እንዴ? አንዷ ፀሐይ በቀዳዳ ስትገባ እንዴት ትዘገያለች? ራሴን ግድግዳ ላይ ልፈነክት ምንም አልቀረኝም።

እህቴ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

ልወጣ ስል የመስኮቱን ደፍ አየሁት። ቲማቲም የተከለችበት ቆርቆሮ አለ። ተክል ወደ ብርሃን ያዘነብላል፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መስኮቱ በተከፈተ ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚገባው ፀሐይ ከቀኝ ነው። ቲማቲሙ ግን በሙሉ አንገቱን ወደ ግራ አዙሯል...

ወደ ጠዋቱ በኩል።

በር ላይ ጎረቤቷን አገኘኋቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የስፌት መኪናቸውን በረንዳቸው ላይ አውጥተው ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።

«ልጄ፣ እህትህን አሳክማት» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አደረገች እማማ?»

«ትናንት ሊመሽ ሲል ዳቦ ላቀብላት ገባሁ። እንዴት አደሩ አለችኝ።»

«ተሳስታ ይሆናል።»

«እኔም እንደዛ ብዬ ነበር...» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ግን ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ እኔም ያደርኩ መሰለኝ። ቡና ሰዓት ነው ብዬ ልነሳ ሁሉ ነበር። ከዛ ወዲህ በሯ ላይ አስቀምጬ ነው የምመለሰው።»

ለሐኪም ነገርኩ። «ሐዘን ነው፣ ጊዜ ስጧት» አለኝ። ሐዘን ፀሐይ ያዘገያል ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንተም ከእሷ ባሰህ» አለችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። የሚሰማኝ ሰው ጠፋ።

የመጨረሻው ቀን ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ መጥቼ እወስድሻለሁ። ዕቃሽን አዘጋጂ።»

«ና» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ።

ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መስኮቱን ዘግታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። ባሏ የሚወደውን ቀሚስ ለብሳለች። ዕቃ የሚባል ነገር አልተሰናዳም።

«ወለሉን እየው» አለች።

አየሁት... ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁት።

አሁን ያለንበት ወር ብርድ ነው። ፀሐይ ዝቅ ያለችበት ወር። ጠብታዋ መሆን ያለባት ጓዳው በር ጋ ነበር። እሷ ግን መስኮቱ ሥር ናት። ከካውያው ጠባሳ አንድ ስንዝር ያህል ይቀራታል።

በዘጠኝ ሰዓት የረፋድ ጠብታ። በብርድ ወር የሙቀት ጠብታ።

«በየቀኑ ስትጠጋ ነው ያየኋት» አለች እህቴ በሹክሹክታ። «ቀስ እያለች... ወደ እሱ ቀን እየተመለሰች ነው።»

«የምን ቀን?»

«ታውቀዋለህ።»

«እትዬ፣ አፈር ስሆን ተይ። ሰውየው ሞቷል። አብረን ነው የቀበርነው።»

«እዚያ ነው የሞተው» አለች በእጇ ወደ ውጪ እያሳየች። «እዚህ ገና አልወጣም። ሲወጣ በሩ ላይ እቆምበታለሁ። አላሳልፈውም። የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።»

ምን ትሏታላችሁ? ልቆጣ አልቻልኩም፣ ላለቅስ አልቻልኩም።

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይው?»

«ሰዓቱ ነው የያዛት። ጠብታዋ ልትደርስ ስትል ሰዓቱ ወደ ፊት ይጎትታታል። በእሷ አስተካክልልኝ።»

«አላስተካክልም።»

«ወንድሜ።»

«የተበላሸ ሰዓት እሠራለሁ እንጂ ደህናውን አላበላሽም።»

«አስተካክልልኝና ምንም ካልሆነ ዛሬውኑ አብሬህ እሄዳለሁ። ባነጠፍክልኝ አልጋ እተኛለሁ። በአባባ አጥንት።»

በአባባ አጥንት ምላ አታውቅም። እኔም የምፈልገው ይሄን ብቻ ነበር፣ ከዚያ ቤት እንድትወጣልኝ። ምንም እንደማይሆን እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ታግሼ እህቴን ይዤ ልሄድ... በልቤ ያሰብኩት ይሄንን ነው።

«እሺ» አልኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሚደውል ሰዓት ወደኋላ አይዞርም። ቀስቶቹን ወደኋላ ካዞርካቸው የደወሉ ጥርስ ይሰበራል። ወደኋላ መመለስ ከፈለግክ ወደ ፊት አዙረህ፣ እያንዳንዱን ሰዓት እያስደወልክ፣ የምትፈልገው ላይ ታደርሰዋለህ። ከዚያ ከሥሩ የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በእጅህ ይዘህ ታቆመዋለህ፣ እውነተኛው ሰዓት እስኪደርስለት ትጠብቃለህ። ሲደርስ ትለቀዋለህ። አባታችን እንደዚያ ነው ያስተማረን።

እንደዚያው አደረግሁ። ዞሮ ዞሮ ለስድስት ትንሽ ሲቀረው ፔንዱለሙን ያዝኩት።

ቤቱ ፀጥ አለ።

እዚያ ቤት ውስጥ የፔንዱለሙን ምት ሳልሰማ የኖርኩበት ቀን የለም። አሁን ሲጠፋ ጆሮዬ ውስጥ ጉድጓድ የተቆፈረ ያህል ሆነ።

ጠበቅን...

መጀመሪያ የጠፋው የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ስገባ እማማ እየሰፉ ነበር። ቆይቶ የመንገዱ ጫጫታ ሁሉ ራቀ።

ስልኬን አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል። ልክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ቀና በል» አለች እህቴ።

ቀና አልኩ። በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን ኮርኒሱ ላይ የመንገዱን ምስል ገልብጦ ያሳያል። ጨለማ ቤትና ትንሽ ቀዳዳ ካለ ሁሌም ያለ ነገር ነው፣ ልጆች ሆነን ስንስቅበት ነው ያደግነው። መንገዱ፣ የእማማ በረንዳ፣ ግድግዳቸው... ሁሉም ተዘቅዝቆ።

ግን እማማ በረንዳው ላይ የሉም። አሁን ስገባ ሰላም ብያቸው ነው የገባሁት።

ግድግዳቸውም ሰማያዊ አይደለም። ከወራት በፊት ሰማያዊ አስቀብተውታል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ግድግዳ ቀለሙ የለቀቀ፣ የድሮው ቢጫ ነው።

«እትዬ...»

«እሽሽ።»

«እትዬ፣ እንውጣ። አሁን።»

«ፔንዱለሙን እንዳትለቀው። ገና ናት።»

ጠብታዋ ጠባሳው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ለምን እንዳልለቀቅሁት አትጠይቁኝ። ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

ኮርኒሱ ላይ አንድ ትልቅ ነገር በቀስታ ገባና ቆመ። ጎማዎቹ ወደ ላይ... ጣሪያው ወደ ታች።

የጭነት መኪና ነው።

ያ መኪና ድልድይ ሥር ተጨፍልቆ፣ በክሬን ወጥቶ፣ ለብረት ተሽጧል። ሲጫን ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

«አሁን» አለች እህቴ።

ጠብታዋ ጠባሳው ላይ፣ መስመሩ ላይ ቆማለች። እጄ ራሱ ፔንዱለሙን ለቀቀው።

ሰዓቱ መደወል ጀመረ።

ወዲያው የተቃጠለ እንጨት ሸተተኝ። ትኩስ... አሁን የሚቃጠል። ከጓዳው በኩል ደግሞ የጫማ ኮቴ መጣ። ከባድ ሰው፣ ከባድ ጫማ። በአጠገቤ ሲያልፍ ጣውላው ሲረገጥ በእግሬ ተሰማኝ። ሰው ግን አላየሁም። ያየሁት ጠብታዋ ለቅጽበት ስትጠፋና ተመልሳ ስትበራ ነው። አንድ ነገር ከፊቷ አልፏል።

እህቴ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት እጇን ዘርግታ።

«አትሄድም» አለች። «ፍሬኑ ይጮሃል። አትሄድም።»

ከፊቷ ማንም የለም። እሷ ግን ቀና ብላ ነው የምታየው፣ ረጅም ሰው እንደሚታይ።

አዳመጠች።

«አይሆንም» አለች። «አልጨረስኩም። ዛሬ ነው የምንጨርሰው።»

እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ። ቁጣው ረገበ። የተዘረጋው እጇ ወረደ... እንደ ልጃገረድ ሳቅ አለች።

«እሺ» አለች። «ካልክ... እኔም እሄዳለሁ። አብሬህ ነኝ።»

«እትዬ! አብረሽው የት ነው የምትሄጂው?»

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ያልፈኛል እንጂ አያርፍብኝም። ባዶ ግድግዳ እንደምታይ ነው ያየችኝ።

በሩን ከፈተች። የገባው ብርሃን የዘጠኝ ሰዓት ብርሃን አይደለም። አናት የሚበሳው የሙቀት ብርሃን ነው፣ ወላፈኑ ፊቴን ጠበሰኝ። ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ዘልዬ ከፈትኩት።

ብርድ። ደመና። ሰማያዊ ግድግዳ። እማማ በረንዳቸው ላይ እየሰፉ።

«እህቴ በየት ሄደች?»

«እህትህ? መች ወጣች?»

«አሁን የወጣችው! አሁን፣ በዚህ በር!»

ስፌታቸውን አቁመው አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ ከገባህ ጀምሮ ያ በር አልተከፈተም። እዚሁ ነኝ፣ ዓይኔም በሩ ላይ ነው።»

ተመልሼ ገባሁ። ጓዳ፣ መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር... የለችም። ሳሎን ተመልሼ ቀና አልኩ።

ኮርኒሱ ላይ እህቴ ተገልብጣ ትታየኛለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጋቢና ልትወጣ ነው። ከውስጥ አንድ እጅ ተዘርግቶ ያዛት። ወጣች። ጮህኩ። ድልድዩን አትሻገሩ፣ ፍሬኑ አይሠራም፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። መኪናው ተንቀሳቀሰና ከኮርኒሱ ጠርዝ ወጣ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «ትልቅ ሰው ናት፣ ዘመድ ጋ ሄዳ ይሆናል» አሉኝ። ዘመዷ እኔ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው ካንተ ሸሽታ ይሆናላ» አለ አንዱ፣ ጓደኞቹም ሳቁ። ባለቤቴ ደግሞ ተኝተህ ተነሳ ትለኛለች። በሽቄ በሽቄ አሁን መበሸቁም ሰልችቶኛል።

ቃሏን አክብራ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እኛ ቤት ነበረች። ምንም ካልሆነ አብሬህ እሄዳለሁ ነው ያለችው። ሆነ፣ ሄደች። እኔን አላታለለችኝም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ዛሬም እዚሁ ነኝ። ይሄን የምጽፍላችሁ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ የእማማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ደመናው ተገፏል፣ ፀሐይ ወጥታለች።

ቅድም እማማ መስፋት አቆሙ። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ልጄ... ተነስተህ እስቲ ቁም።»

ተነሳሁ።

የእሳቸው ጥላ ወደ መንገዱ ነው የተጋደመው። የወንበሩ፣ የበረንዳው ምሰሶ፣ የአላፊ አግዳሚው ጥላ ሁሉ ወደ መንገዱ። የከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ በየደቂቃው ይረዝማል።

የእኔ ጥላ ወደ ኋላዬ፣ ወደ ግድግዳው ነው።

ዞርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ያው ነው። እማማ ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ።

ዕድሜ ልኬን ጥላ ሳነብ ነው የኖርኩት። የእኔ ጥላ የረፋድ ጥላ ነው። የሌላው ሰው ጥላ ሲረዝም የእኔ እያጠረ ነው። በጣም ያጠረ ጊዜ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ነው የቀረው።

ስለዚህ በእኔ ፀሐይ ከሆነ እህቴ ገና አልወጣችም። በሩ ላይ እቆምባታለሁ። እጇን ይዤ አላሳልፋትም፣ የፈለገችውን ትበለኝ።

ልሻገር መንገዱን አየሁት። ባዶ ነው። መኪና የለም፣ ሰው የለም።

አስፋልቱ ላይ ግን፣ ከእኔ ጥላ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ የጭነት መኪና ጥላ ተጋድሟል። የጋቢናው በር ተከፍቷል... ቀሚሱን ሰብሰብ ያደረገ አንድ ጥላ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳርፎ ቆሟል።